በፍሪጅ የማይቀመጥ ዘር፦ የጅማ ጫካ ቡና የማን አደራ ነው?

ስንዴን ወይም ገብስን ለልጅ ልጅ ማቆየት የታወቀ ሥራ ነው። ዘሩን እርጥበቱ 5 ወይም 6 በመቶ እስኪደርስ ማድረቅ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ማሸግ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ክፍል መደርደር ነው። ኖርዌይ ስቫልባርድ ላይ ተራራ ተፈልፍሎ የተሠራው የዓለም የዘር ጎተራም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ቡና ግን ለዚህ አይመችም። አገራችን የሚበቅለው የአረቢካ ቡና ዘር እንደ ስንዴ ከደረቀ ጽንሱ ይጎዳል፤ እርጥበቱን እንደያዘ ወደ በረዶ ከገባ ደግሞ በውስጡ ያለው ውሃ ረግቶ ሕዋሱን ይቀደዋል። በተራ መጋዘን ያለ የቡና ዘር ከጥቂት ወራት በኋላ የመብቀል አቅሙ ይወድቃል። ችግኝ ጣቢያ የሚውሉ ሰዎች ዘሩ በተለቀመ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ አፈር ካልገባ ድካሙ ከንቱ ነው የሚሉት ለዚህ ነው። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ማቆየት ይቻላል፤ ነገር ግን ናይትሮጅኑ አንድ ሳምንት እንኳ ሳይጓደል እየተሞላ የሚኖርበት ቤተ ሙከራ ይጠይቃል።

ስለዚህ አረቢካን ለመጪው ትውልድ ማስተላለፍ ማለት በተግባር ዛፉን በቁሙ ማኖር ነው። ዛፉ መሬት ላይ ይቆማል፤ መሬቱ ላይ ደግሞ ልጆች የሚያሳድግ፣ ማዳበሪያና ደብተር የሚገዛ ሰው አለ። «ምድርን ለልጆቻችን እንጠብቅ» የሚለው ዓለም አቀፍ መፈክር ጅማ ሲደርስ ይህን ያህል ጠባብና ተጨባጭ ጥያቄ ይሆናል፦ ጌራ ወረዳ ውስጥ ግማሽ ሄክታር የጫካ ቡና ያለው ገበሬ በዚህ ክረምት ገጀራውን ይዞ ሲገባ ምን ይቆርጣል፣ ምን ይተዋል?

የዓለም አረቢካ የጥቂት ዛፎች ልጅ ነው

በላቲን አሜሪካ የሚለማው አረቢካ የዘር ሐረጉ ሲመዘዝ መነሻው የሚያስደነግጥ ያህል ጠባብ ነው። ከየመን ወጥቶ በህንድና በጃቫ በኩል በ1706 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም የገባ ዛፍ አለ፤ የእሱ ዘር የሆነ ሌላ ዛፍ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተበረከተ። ታይፒካ የሚባለው ዝርያ ከዚህ መስመር ይመዘዛል። ቡርቦን የሚባለው ደግሞ ሬዩኒየን ደሴት ላይ ከተረፉ ጥቂት ዛፎች ነው። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል በመሆኑ፣ ከአንድ ዛፍ የተገኘ ሚሊዮን ዛፍ እንደ አንድ ዛፍ ይታመማል። በ1869 እ.ኤ.አ. ስሪ ላንካ ላይ የታየው የቅጠል ዋግ የደሴቲቱን ቡና ጨርሶ አገሩን ወደ ሻይ አዞረው። ይኸው በሽታ በ2012 መካከለኛው አሜሪካን እንደገና አናግቷል።

በሽታውን፣ ድርቁንና ሙቀቱን የሚቋቋም ባሕርይ የሚፈለገው ዝርያው በተፈጠረበት ቦታ ነው፤ ይህም በዋናነት ከጅማ እስከ ከፋ፣ ኢሉባቦር፣ ሸካና ቤንች ያለው ደን ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የዱር አረቢካ የተገኘው ደቡብ ሱዳን ቦማ ላይና ኬንያ ማርሳቢት ተራራ ላይ ብቻ ሲሆን እሱም በጣም ትንሽ ነው።

ከዚህ ደን የወጣው ነገር ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ሁለት ምሳሌ ይበቃል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጌሻ አካባቢ የተወሰደው ቡና በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ ዞሮ ፓናማ ደርሷል፤ በ2019 እዚያ በተካሄደ ጨረታ አንድ ፓውንዱ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) በ1,029 ዶላር ተሽጧል። ሁለተኛው ብራዚል ውስጥ በ2004 ይፋ የሆነው ነው። መነሻቸው ኢትዮጵያ የሆነ 3,000 ያህል ዛፎች ሲመረመሩ ሦስቱ በተፈጥሯቸው ካፌይን አልባ ሆነው ተገኙ ማለት ይቻላል። ከሺህ አንድ መሆኑን ልብ ይሏል። ሦስቱ ዛፎች ከተሰበሰበው ውስጥ ባይገቡ ኖሮ ማንም እንደጎደሉ አያውቅም ነበር። የዘር መጥፋት ከሌላ ጥፋት የሚለየው በዚህ ነው፤ የጠፋው ነገር ስም ስለሌለው ለቅሶ የለውም።

የራሳችንም ምሳሌ ከጅማ ከተማ ብዙም አይርቅም። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ሲገባ አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ፣ እያደረቀ ማሳዎችን ባዶ አስቀራቸው። መድኃኒት ደጋግሞ መርጨት ለትንሽ ገበሬ አያዋጣም ነበር። ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው የመልኮ የምርምር ማዕከል በኩል የተሠራው ሥራ ሲታይ ቀላል፣ ሲሠራ አድካሚ ነበር። በሽታው ክፉኛ ባጠቃው ሰፈር መሀል ፍሬው ንጹህ ሆኖ የቆመ ዛፍ ይፈለጋል። ዘሩ ይወሰድና በሳጥን አሸዋ ላይ ይዘራል። ቡቃያው ገና የመጀመሪያ ቅጠሉን ሳይዘረጋ ግንዱ ላይ የበሽታው ዘር የተበጠበጠበት ውሃ ይረጫል። በአብዛኛው ይጠቁርና ይሞታል፤ የተረፈው ወደ ማሳ ይወጣል። ዛሬ በየችግኝ ጣቢያው 74110 እና 74112 ተብለው የሚጠሩት ዝርያዎች እንዲህ ከመቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው። የቁጥሩ መጀመሪያ 74 እናት ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት፣ 1974 እ.ኤ.አ.ን ነው የሚናገረው። ከሌላ ዝርያ ጋር ማዳቀል ሳያስፈልግ፣ መድኃኒቱ ጫካና ጓሮ ውስጥ ቆሞ ተገኘ።

ጮጬ ላይ ያለው የቁም ጎተራ

ከአጋሮ አጠገብ፣ ጎማ ወረዳ ጮጬ ላይ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የቡና ዘር በማሳ ላይ የሚያኖርበት ቦታ አለው። ከየአካባቢው የተሰበሰቡ ከ5,000 በላይ ናሙናዎች ይገኙበታል። ይህ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ በቁጥር እንየው። ለእያንዳንዱ ናሙና አሥር ዛፍ ቢተከል 50,000 ዛፍ ይሆናል። በ2 ሜትር በ2 ሜትር ሲተከል ሄክታሩ 2,500 ዛፍ ስለሚይዝ ቡናው ብቻ 20 ሄክታር ይፈልጋል፤ ጥላው፣ መንገዱና መተኪያው ሳይቆጠር። ይህ ሁሉ በዓመት ሁለት ሦስቴ ይታረማል፤ ያረጀው ይጎነደላል።

የሚበላሸውም በጥቃቅን ነገር ነው። የረድፉ ቆርቆሮ መለያ ዝጎ ከወደቀና መዝገቡ ካልተስተካከለ፣ ዛፉ በሕይወት አለ፣ ማንነቱ ግን ጠፋ። አራሚው ገጀራውን ወደ ግንዱ አስጠግቶ ቅርፊቱን ከላጠው ዛፉን በቁሙ የሚያደርቀው ፈንገስ በቁስሉ ይገባል፤ ያው ገጀራ ሳይጸዳ ወደ ቀጣዩ ዛፍ ሲሄድ በሽታውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በግንዱ ዙሪያ ያለው አረም በእጅ መነቀል አለበት፤ የታመመውም ዛፍ ተጎትቶ ሳይወጣ እዚያው ነው የሚቃጠለው። የሞተውን ለመተካት ከጎረቤቱ ዘር ለቅሞ መዝራትም አይሆንም። ከአሥር ፍሬ አንዱ ገደማ ንብ ባመጣችው የሌላ ዛፍ የአበባ ዱቄት ሊዳቀል ይችላል። አበባው ሳይፈነዳ በከረጢት መሸፈን ወይም ከቅርንጫፍ ቆርጦ ማባዛት ያስፈልጋል። ከቆላማና ደረቅ አካባቢ የመጣውም ቡና ጮጬ አየር ላይ እንደ አገሩ አይሆንም።

የማሳ ጎተራ አስፈላጊ ነው፤ ያለ እሱ መመራመር አይቻልም። ግን ዛፉን በተሰበሰበበት ዕለት ማንነቱ ያቆመዋል። ጫካ ውስጥ ያለው ቡና በየዓመቱ ከአዲስ በሽታና ከአዲስ ሙቀት ጋር እየታገለ፣ እየሞተም እየበቀለም ይለወጣል። ሁለቱ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ገጀራው ሲገባ

ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ለቀማው ከመድረሱ በፊት፣ ሸቤ ሰንቦና ጌራ ውስጥ የጫካ ቡና ይመነጠራል። ቁጥቋጦው፣ ሐረጉና ሣሩ ይወድቃል፤ ለቃሚ እንዲገባ፣ የወደቀው ፍሬ እንዲታይ፣ ቡናውም አየር እንዲያገኝ። ሥራው ተገቢ ነው። ችግሩ ገጀራ ሐረግና የቀረሮ ችግኝን አለመለየቱ ነው። ጉልበት የሚደርስ የሳሳ ወይም የዋንዛ ቡቃያ ከአረሙ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና። ከላይ ሲታይ ደኑ ሙሉ ነው። ከሥር ግን ወጣት የሌለበት መንደር ነው፦ ሽማግሌዎች ብቻ። ትልቁ ዛፍ በንፋስ ሲወድቅ የሚተካው የለም፤ ብርሃኑ ይበዛል፣ ሣሩ ይበረታል፣ ቡናውም አንድ ዓመት ሰብሮ እያፈራ በቀጣዩ ይደክማል፣ ቅርንጫፉም ይደርቃል።

ይህን ማስቀረት የሚያስወጣው ወጪ በጣም ትንሽ ነው። በሄክታር 40 ትልልቅ የጥላ ዛፍ ቢኖርና እያንዳንዱ 60 ዓመት ቢያገለግል በሦስት ዓመት ሁለት ዛፍ መተካት ይበቃል። ከአምስት ችግኝ አንዱ ብቻ ለቁም ነገር ይደርሳል ብለን ብንወስድ እንኳ፣ በዓመት ሦስት ወይም አራት ችግኝ ከገጀራ ማዳን ነው። ከምንጠራው በፊት አንድ ቀን ዞሮ፣ ክፍት በሆነው ቦታ ያሉትን መርጦ፣ አጠገባቸው ቅርፊቱ የተላጠ እንጨት ተክሎ፣ ለቀን ሠራተኛው «ይህን አትንካ» ማለት። ቢቻል ዓይነቱ ይሰባጠር፦ ሳሳና ቢርቢራ ቅጠላቸው ቶሎ የሚበሰብስና አፈሩን የሚያዳብር ነው፤ ዋንዛ ለጣውላም ለንብም ይሆናል፤ ቀረሮ ዘግይቶ ያድጋል፣ ግን ከሁሉም በላይ ይቆማል። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ ተባይ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ለውጥ ከዚህ ይረቅቃል። ጫካ ውስጥ ክፍት ቦታ ሲገኝ 74112 ይተከልበታል። ገበሬው አልተሳሳተም፦ የጫካ ቡና ከሄክታር ጥቂት አሥርት ኪሎ ብቻ በሚሰጥበት ቦታ፣ የተመረጠው ዝርያ በምርምር ማሳ ከ15 ኩንታል በላይ ይሰጣል። ዝርያው ያድጋል፣ ያብባል፣ ንብ ዱቄቱን ወደ ጫካው ቡና ታደርሳለች። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ከጫካው ቡቃያ ብዙው የመልኮ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ከዱር ዛፎች ተመርጦ ሕዝብን ያዳነው ዝርያ በዚሁ መንገድ የወጣበትን የዘር ሀብት ቀስ ብሎ ይውጠዋል። ይህን ለመናገር እናመነታለን፤ ምክንያቱም 74112ን የሚቃወም ሰው ገበሬውን የሚቃወም ይመስላል። ሁለቱን ቦታ ለይቶ ማልማት ግን ይቻላል፦ የተመረጠው ዝርያ በጓሮና በተከፈተ ማሳ፣ ከጫካው ራቅ ብሎ፤ ጫካ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ ከዚያው ጫካ በተለቀመ ዘር።

አሠራሩ የችግኝ ጣቢያ ተራ ሥራ ነው። ለቀማው መሀል ላይ ሲደርስ ቢያንስ ከ30 እስከ 50 ከሚሆኑ፣ ተራርቀው ከቆሙ ዛፎች ጥቂት ጥቂት ቀይ እሸት ይለቀማል። ከአንድ ፍሬያማ ዛፍ ብቻ መውሰድ ቀላሉና ትልቁ ስህተት ነው። እሸቱ በእጅ ይፈለፈላል፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ይጣላል፤ የቀረው በጥላ ይደርቃል፣ ፀሐይ አይነካውም። ሦስት እጅ የደን አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ተቀላቅሎ በፕላስቲክ ቱቦ ይሞላል። ብቅ ለማለት ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ችግኙ ከስድስት እስከ ስምንት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣና ዝናቡ ሲጠና፣ ቀድሞ በተቆፈረና አየር በገባው ጉድጓድ ይተከላል። ያለ መለያ የገባ ዘር ግን ሁሉንም ያበላሻል፤ ቱቦው ላይ የጫካው ስም ካልተጻፈ በሁለት ወር ውስጥ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ከሰማይ የሚታየውና የማይታየው

እዚህ ላይ ነው የዓለም ኃላፊነት የሚባለው ነገር የሚወላገደው። ለደን ጥበቃ የሚከፈለውና የሚጠየቀው ሁሉ በአብዛኛው ከላይ የሚለካ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ከተመነጠረ ደን የወጣ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ቢገፋም ላኪዎች ማሳን በጂፒኤስ መመዝገብ ጀምረዋል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ብቻ ይበቃል። ሕጉ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር የሚረዝሙ፣ ጥላቸው ከመሬቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን ቦታን ነው። ኢትዮጵያ ደኗ የያዘውን ካርቦን ለማስላት የምትጠቀምበት ትርጉም የጥላውን ወለል 20 በመቶ ያደርገዋል። እንግዲህ 80 በመቶ ጥላ የነበረው ጫካ ወደ 25 በመቶ ቢወርድ፣ ቡቃያው ሁሉ ቢመነጠር፣ የዱር ቡናው ተነቅሎ በአንድ ዝርያ ቢተካ፣ በሁለቱም መዝገብ ላይ አሁንም ደን ነው።

የካርቦኑም ክፍያ እንዲሁ ነው። በ2023 ዓለም ባንክ ለኦሮሚያ ደን ልቀት ቅነሳ እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተፈራርሟል። ጥሩ ነው፤ የሚገዛው ግን ካርቦን ነው። አንድ ቶን ካርቦን ከባህር ዛፍም ከቀረሮም ያው አንድ ቶን ነው። ከሥር ያለው ቡና የማን ዘር እንደሆነ የሚጠይቅ ሒሳብ የለም።

በለጠ ጌራ ደን ውስጥ በጃፓን ድጋፍ የተጀመረው አሠራር ከዚህ አንድ እርምጃ ይሻላል። የመንደሩ ሰው ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና (በኦሮምኛ የደን አስተዳደር ማኅበር)፣ በአጭሩ ዋቡብ በሚባል ማኅበር ተደራጅቶ ደኑን ይጠብቃል፤ የጫካ ቡናውም የዘላቂነት ምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ተሽጧል። ምስክር ወረቀት ያለበት የቡና ጫካ ከሌለበት ይልቅ ደኑን ያነሰ እንዳጣ በሳተላይት ምስል የተሠራ ጥናት አሳይቷል። በሳተላይት ነው፤ የታየው አሁንም ጥላው ነው። ሆኖም ሰው ከደኑ ጥቅም ሲያገኝ ደኑ እንደሚቆይ ማሳየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋጋው ራሱ ሁለት አፍ ያለው ነው። ቡና ሲረክስ ሰው ወደ ጫትና ባህር ዛፍ ያያል፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ባህር ዛፍ በአምስት በስድስት ዓመት ለአጣና ይደርሳል። ቡና ሲወደድ ደግሞ፣ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. የአረቢካ ዋጋ በዓለም ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ እንደታየው፣ የጫካውን ጥላ ቀንሶ ተጨማሪ ችግኝ ማስገባት ያጓጓል። ስለዚህ «ጥሩ ዋጋ ከተከፈለ ጫካው ይድናል» የሚለው የተለመደ አባባል ግማሽ እውነት ነው። ጫካውን የሚያድነው ዋጋ ለኩንታሉ ብቻ የሚከፈለው ሳይሆን ኩንታሉ ከየት እንደመጣ የሚለየው ነው።

ሙቀቱ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ ምዕተ ዓመት ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ያሳያል፤ የዱር አረቢካም በዓለም የቀይ መዝገብ ላይ ለመጥፋት በተቃረቡት ተርታ ገብቷል። መቶ ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ አንድ ዲግሪ ለማምለጥ 170 ሜትር ያህል መውጣት ያስፈልጋል። ሰው ችግኙን ተሸክሞ ይወጣል፤ የዱር ቡና ግን የሚወጣው በወፍና በዝንጀሮ ሆድ ነው፣ የሚወጣበት ደን ካለ። ሲግሞና ሰጠማ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው ደን ዛሬ ቡና ስለሌለበት ዋጋ ቢስ የሚመስለው ነው። የነገው ቡና መሸሻ ግን እሱ ነው። የጅማ ዞን የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ አንድ ነገር ብቻ ያስቀድም ቢባል ከቆላው ጫካ እስከ ደጋው ያልተቋረጠ የደን መስመር ማስቀረት ነው የምንለው።

ማን ይክፈል?

እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ድረስ የዕፅዋት ዘር «የሰው ልጆች ሁሉ ቅርስ» ይባል ነበር፤ የሁሉም በመሆኑ የሚጠይቅ አልነበረም። በ1964 ከኢትዮጵያ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አማካይነት የተሰበሰበው ቡና ወደ ኮስታ ሪካ፣ ህንድና ሌሎች አገሮች የሄደው በዚያ ዘመን ነው። የ1992ቱ የብዝሀ ሕይወት ስምምነት ዘሩ የአገሩ መሆኑን አወቀ፤ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (2006 እ.ኤ.አ.) የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም ክፍፍል እንዳይወጣ፣ የማኅበረሰቡም ዕውቀት መብት እንዲኖረው ደነገገች። ሕጉ ግን ወደ ኋላ አይሠራም። ቀድሞ የወጣው ወጥቷል። በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ዘር ውል የጋራ መጠቀሚያ ዝርዝር ላይ ደግሞ ስንዴና ገብስ አሉ፣ ቡና የለም፤ ስለዚህ በዚያ በኩል የሚመጣ ገንዘብም የለም። «የጋራ ቅርስ» ሲባል ወጪው የጌራ፣ ገቢው የሌላ ሆኖ ቆይቷል።

ክፍያው ቢመጣ ለምን ሥራ እንደሚከፈል መለካት አያስቸግርም። በሄክታር ስንት የጥላ ችግኝ በእንጨት ተለይቶ እንደቆመ፣ ስንት ዓይነት ዛፍ እንዳለ፣ ጫካ ውስጥ የተመረጠ ዝርያ አለመተከሉን የወረዳው የልማት ሠራተኛና የዋቡብ አባላት በአንድ ቀን ቆጥረው መጨረስ ይችላሉ፤ ለሳተላይት የማይታየው ለሰው ይታያል። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። የካርቦን ክፍያ ውጤቱ ተለክቶ፣ ተረጋግጦ የሚመጣ በመሆኑ ዓመታት ይፈጃል። ምንጠራው ግን በሐምሌ ይጀመራል፤ የቀን ሠራተኛው ሒሳቡን የሚቀበለው ያን ዕለት ማታ ነው፤ ችግኙንም ለይቶ ለመተው ወይም ለመቁረጥ የሚወስነው ከዚያ በፊት ነው።